አሮጊቷ ጀልባ ወደ ውሃ እስክትመለስ

መርማሪው ጀልባዋ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው በትንሽ መዶሻ ብረቱን ይቆረቁራሉ። ጤነኛ ላሜራ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ግን ድምፁ ይታፈናል። አባት፣ እናት፣ የ17 ዓመት ልጃቸውና የ12 ዓመት ወንድሟ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ጠራ፣ ጠራ፣ ታፈነ። ከዚያ መዶሻው ብረቱን በስቶ ገባ። ትንሹ ልጅ እየዳኸ ሄዶ ጣቱን በቀዳዳው ሰደደና በሌላኛው ወገን ያለውን ጨለማ ነካ። አባትየው ፊቱን አዞረ። እናትየዋ ማስታወሻዋን አወጣችና ቀዳዳው ከጀልባዋ ፊተኛ ጫፍ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለክታ ጻፈች።

ቦታው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ የኦክስፎርድ ቦይና የግራንድ ዩኒየን ቦይ ከሚገናኙባት ከብራውንስተን መንደር ብዙም ሳይርቅ ነው። ደረቅ መጠገኛ የሚሉት በጡብ የታነጸ ረጅም ጉድጓድ ሲሆን አንዱ ጫፉ ወደ ቦዩ ይከፈታል። ጀልባዋ ተንሳፍፋ ትገባለች፤ በሩ ይዘጋል፤ ውሃው ከሥር ቀስ እያለ ይወጣል፤ እርሷም ከታች በተደረደሩ ወፋፍራም እንጨቶች ላይ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ለዓመታት ውሃ ሸፍኖት የኖረው ሆዷ ለዓይን ይገለጣል። የቤተሰቡን ስምና የጀልባዋን መጠሪያ አልጽፍም፤ እንዳይጻፍ የጠየቁት እነርሱ ናቸው። አባትየው የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ እናትየዋ ነርስ ናት። ከሁለቱም ወገን በቦይ ላይ የሠራ ዘመድ የላቸውም። ጀልባዋን የገዟት አንድ ዓሣ አስጋሪ ከዛፍ ጥላ ሥር ግማሽ ጎኗ በሙጃ ተውጦ ካሳያቸው በኋላ ነው።

ጀልባዋ የተሠራችው በ1936 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሠራት ድርጅት ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ ይባላል፤ ታይታኒክን ቤልፋስት ላይ የገነባው ኩባንያ ማለት ነው። እነዚህን የቦይ ጀልባዎች ግን ለንደን አጠገብ ዉሊች በነበረው ግቢው በገፍ ያወጣቸው ነበር። ርዝመቷ 22 ሜትር ገደማ፣ ስፋቷ 2 ሜትር ከትንሽ ነው። ከመሐሏ ቆሞ ሁለት እጁን የዘረጋ ረጅም ሰው ግራና ቀኝ ግድግዳዋን ሊነካ ምንም አይቀረው።

ለምን እንዲህ ጠበበች? መልሱ ከእርሷ በ170 ዓመት ግድም ይቀድማል። በ1761 የብሪጅዎተር መስፍን ዎርስሊ ከሚገኘው ማዕድን ማውጫቸው ድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር የሚያጓጉዝ ቦይ አስቆፍረው ከፈቱ፤ በከተማዋ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ሥራውን የመራው ጄምስ ብሪንድሊ ወፍጮ ሠሪ ነበር፤ ማንበብና መጻፍም በቅጡ አይችልም። ከዚያ በኋላ የሸክላ ዕቃ አምራቹ ጆሳያ ዌጅውድና ባልንጀሮቹ ትሬንትና መርሲ የተባሉትን ወንዞች የሚያገናኝ ቦይ እንዲቆፍርላቸው ብሪንድሊን ያዙ። ዌጅውድ ሳህንና ስኒው በፈረስ ጀርባና በጋሪ ሲንገጫገጭ እየተሰበረበት ስለተቸገረ ውሃ ላይ የሚንሸራተት መንገድ ፈልጎ ነበር። ፈረስ በዚያ ዘመን የጭቃ መንገድ ላይ ከ1 ቶን ብዙም ያልዘለለ ጭነት ይስባል። ያው ፈረስ በቦይ ዳር እየተራመደ 25 ቶን የጫነች ጀልባ ይጎትታል። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የተነሱት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ነገር ግን አገሩ ኮረብታ አለበት፤ ውሃ ደግሞ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ሎክ ያስፈልጋል። ሎክ በፊትና በኋላ በር ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ክፍል ነው። ጀልባ ከታች ትገባለች፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ክፍሉ ይሞላና ጀልባዋን ያነሳታል፤ ከዚያ የፊቱ በር ይከፈታል። አንድ ጠባብ ሎክ በተሞላ ቁጥር ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ይወስዳል። ሎኩ በሰፋ መጠን ወጪውም ውሃውም ይጨምራል። ብሪንድሊ ገንዘብም ውሃም ለመቆጠብ ሲል ሎኮቹን 7 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ10 አድርጎ ወሰነ። ቦዩ በ1777 ሲያልቅ እርሱ ከሞተ 5 ዓመት ሆኖት ነበር። ልኬቱ ግን በመካከለኛው እንግሊዝ ሕግ ሆኖ ቀረ፤ ይህቺ የ1936 ጀልባም ስትሠራ በሟቹ ወፍጮ ሠሪ ልክ ተሰፋች።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስገርመኝ ብረቱ ሳይሆን ከኋላ ያለችው ክፍል ናት። የባቡር ሐዲድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገሩን ሲያዳርስ የቦይ ጭነት ዋጋ ወደቀ። ጀልበኛው ለረዳት የሚከፍለውም፣ ለቤት ኪራይ የሚሰጠውም አጣ። ቤቱን ለቀቀና ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለትውልዶች ብዙ ሺህ ሰዎች 3 ሜትር በ2 ሜትር በሆነች ክፍል ተወልደው፣ ተድረው፣ ወልደው ኖረዋል። ከበሩ በስተግራ የከሰል ምድጃ አለ። ከምድጃው ቀጥሎ ያለው ቁም ሣጥን መዝጊያው ወደታች ሲወርድ ጠረጴዛ ይሆናል። በጎን በኩል ቀን መቀመጫ፣ ማታ አልጋ የሆነ አግዳሚ አለ። ከክፍሉ ጫፍ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋው የባልና ሚስት አልጋ ቀን ታጥፎ ይቀመጣል። አባት ፈረሱን ይመራል፤ እናት መሪውን ይዛ በአንድ እጇ ድንች ትልጣለች፤ በእግሩ መሄድ የጀመረ ሕፃን ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ በገመድ ታስሮ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል። ከፍ ያሉት ልጆች ወደፊት ሮጠው ሎክ ይከፍታሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚሠራው ግን ቤተሰቡ ሁሉ ነበር። ማንም ያልከፈለውን የእናቶችና የሕፃናት ጉልበት እያሰብኩ ነው ያንን ክፍል የማየው።

ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ስለነዚህ ልጆች ትምህርትና ጤና እየጮኸ ፓርላማውን አስጨንቆ የ1877 የቦይ ጀልባዎች ሕግ ወጣ። ጀልባዎች መመዝገብ፣ በአንዲት ክፍል የሚኖረው ሰው ቁጥርም መወሰን ነበረበት። ሕጉ ጠቃሚ ቢሆንም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሆነን ቤተሰብ ልጅ ትምህርት ቤት ማስቀመጥ አልተቻለም፤ ብዙዎቹ ፊደል ሳይቆጥሩ አርጅተዋል።

ከፈረስ በኋላ ሞተር መጣ። ሞተር ያላት ጀልባ ሌላ ሞተር የሌላትን ከኋላዋ ትስባለች፤ በእኛ አገር መንገድ ላይ ከባድ መኪና ተሳቢውን አስከትሎ እንደሚሄደው ማለት ነው። የዚህ ቤተሰብ ጀልባ ሞተር ያላት ነበረች። ከለንደን ወደ በርሚንግሃም ብረትና እህል፣ ወደ ለንደን ደግሞ ከሰል ከተሳቢዋ ጋር 50 ቶን ገደማ ይዘው ይጓዙ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወንዶቹ ጎደሉና ጀልባ ነድተው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው እንደነዚህ ባሉት ጀልባዎች ላይ ሠርተዋል።

በጃንዋሪ 1948 ቦዮቹ የመንግሥት ሆኑ። ጭነቱ ግን ወደ መኪና መሸሹን አላቆመም። የ1962 እና 1963 ክረምት ደግሞ የመጨረሻውን ዱላ አሳረፈ፤ ቦዮቹ ለሳምንታት በበረዶ ተቆልፈው ጀልባዎቹ ባሉበት ታሰሩ፤ ደንበኞችም ፊታቸውን ወደ መኪና አዙረው በዚያው ቀሩ። ሥራ ያጡ ጀልባዎች ለማገዶ ተፈለጡ፤ ለብረት ቁራጭ ተሸጡ፤ ከለንደን በስተምዕራብ ሃርፊልድ አካባቢ ጠጠር ሲወጣባቸው በነበሩ ኩሬዎች ውስጥ ደግሞ ሆን ተብለው የሰመጡ አሉ።

ይህቺኛዋ ጭቃ ማመላለሻ ሆና ተረፈች። በኋላ ለግለሰብ ተሸጠች፤ በ1970ዎቹም አንድ ሰው የጭነት ቦታዋን በኮምፖንሳቶ ዘግቶ መኖሪያ አደረጋት። ኮምፖንሳቶው ውሃ አስገባ፤ ነዋሪውም ትቷት ሄደ።

የጥገናው ክርክር የተነሳው በዚህ ኮምፖንሳቶ ነው። አባትየው እንዲቆይ ፈለገ፤ ቢያንስ ሁለት መኝታ ይወጣዋል፤ ልጆቹም ዕረፍታቸውን ጣሪያ ሥር ያሳልፋሉ። ልጅቷ አሻፈረኝ አለች። ጀልባዋ ጭነት ጫኝ ሆና የተሠራች ናት፤ ሳጥን ጭኖባት ማስጌጥ ማንነቷን መካድ ነው ባይ ናት። እናትየዋ ሁለቱንም ዝም ብላ ሰምታ ስታበቃ ኮምፖንሳቶውን በፒንሳ ጎርጎር አደረገችው፤ ግማሹ እጇ ላይ ቀረ። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ዛሬ በእንግሊዝ ቦዮች ላይ መኖሪያ ተብለው ተሠርተው የሚሸጡ አዳዲስ ጀልባዎች ሞልተዋል፤ መኝታ የፈለገ ሰው እነርሱን ያገኛል። የጭነት ቦታዋ ክፍት ሆኖ በሸራ የተሸፈነ የ1930ዎቹ ጀልባ ግን አንዴ ከተቆረጠ አይተካም። ብዙዎቹ ለማቆሚያ እንዲመቹ ተብለው ከመሐላቸው ተቆርጠው አጥረዋልና እንዲህ ሙሉ ርዝመቷን ይዛ የቆየች ጀልባ ዋጋዋ ትልቅ ነው። በመጨረሻ ስምምነታቸው ይህ ሆነ፦ ኮምፖንሳቶው ይነሳል፤ የኋላዋ ክፍል እንደ ጥንቱ ትመለሳለች፤ የጭነቱ ቦታ ሸራ ይለብሳል፤ እነርሱም በበጋ ሸራው ሥር ይተኛሉ።

ከዚያ ሥራው መጣ። የመርማሪው መዶሻ ያገኘውን ቀዳዳ ተከትሎ በድምፅ ሞገድ የብረት ውፍረት የሚለካ መሣሪያ በጀልባዋ ጎን ሁሉ ላይ ዞረ። መድን ሰጪዎች ሙሉ ሽፋን ለመስጠት በተለምዶ ብረቱ ከ4 ሚሊሜትር እንዳይሳሳ ይጠይቃሉ። በውሃው መስመር ግራና ቀኝ ከዚያ በታች የሆነ ሰፊ ቦታ ተገኘ። አየርና ውሃ የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ ብረት ቀድሞ የሚበላው በዚያ ነው።

ወለሏ ሌላ ታሪክ አለው። ጎኗ ብረት ቢሆንም ወለሏ የተሠራው ኤልም ከተባለ ዛፍ በተሰነጠቀ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተጋድሞ በተደረደረ ወፍራም ሳንቃ ነበር። ኤልም ዘወትር ውሃ ውስጥ እስከኖረ ድረስ አየር ስለማያገኝ አይበሰብስም። ድንጋይ ሲነካው ደግሞ ይላጣል እንጂ አይቀደድም። ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ችግሩ ጀልባዋ በአጉል ቦታ ተጥላ ወለሏ ለዓመታት ግማሹ ረጥቦ ግማሹ ደርቆ መክረሙ ነው፤ ሳንቃው በጣት የሚፈረፈር ሆኗል። በኤልም ልተካው ቢሉ ደግሞ ዛፉ የለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጥንዚዛ የሚዛመት የፈንገስ በሽታ ከ25 ሚሊዮን የሚበልጡ የብሪታንያ ኤልሞችን ጨርሷል። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ባለ ጀልባዎች እነርሱም 10 ሚሊሜትር ላሜራ አስቆርጠው ለማስበየድ ወሰኑ። ልጅቷ አንዱን ሳንቃ ሳይበሰብስ ያገኘችበትን ጫፍ ቆርጣ አስቀመጠችው፤ በኋላ የምድጃው አጠገብ መደርደሪያ ሆኗል።

ሙሉውን ወለል የበየደው ፈቃድ ያለው በያጅ ነው። የቤተሰቡ ድርሻ ዝገት ማስለቀቅ ነበር፤ ከሁሉም የሚመረው እርሱ ነው። ግራይንደሩ ሲጮኽ መነጋገር አይቻልም፤ ብናኙ በጭንብል ጠርዝ ሾልኮ ይገባል፤ በክረምት ብረቱ ቆዳ ይነጫል። ትንሹ ልጅ ጠባብ ቦታ የሚገባው እርሱ ብቻ ስለሆነ በብረት ብሩሽ ማዕዘኖቹን ይዞ ነበር። ቅዳሜና እሑድ እየመጡ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ወንበር ላይ ጋዜጣ እያነጠፉ አንድ ክረምት አለፈ። በመሐሉ ለሁለት ሳምንት ማንም ማንንም ያላናገረበት ጊዜ እንደነበር እናትየዋ አልደበቀችኝም።

ከጎኗ የሳሳውን ብረት ግን ከፊሉን ሪቬት በሚሉት የብረት ችንካር ለመሥራት ፈለጉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ያደረጉት እንደዚያ ነውና። ይህን የሚያውቁ ሰዎች እያለቁ ነው። ከመጠገኛው ባሻገር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ ለማየት ብለው መጡና አልሄዱም። ልጅቷ በምድጃው ውስጥ ሪቬቱ ደማቅ ብርቱካንማ እስኪመስል ታግላለች፤ እናትየዋ በመቆንጠጫ ይዛ ሁለቱን ላሜራ በሚያገናኘው ቀዳዳ ትሰካዋለች፤ አባትየው ከውስጥ በኩል ከባድ ብረት አስደግፎ ይይዛል፤ ሽማግሌው ከውጭ ሆነው ጫፉ እስኪያብጥ በመዶሻ ይመቱታል። የጋለው ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሁለቱን ላሜራ ጨምቆ ውሃ እንዳያልፍ ያደርጋል። ሥራው አራት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ካመነታ ሪቬቱ ቀዝቅዞ ይበላሻል። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን መዶሻውን ለልጅቷ ሰጧት። የመጀመሪያዎቹን አስቆፍረው አውጥተውባታል፤ ቀጣዮቹ ዛሬም ጀልባዋ ላይ አሉ።

ሙሉ ለሙሉ ከእንጨት የተሠሩት ጀልባዎች ከዚህም ይበልጥ ይከብዳሉ። በሳንቃዎቹ መሐል ያለው ስንጥቅ ቅጥራን በጠጣ ቃጫ ይጠቀጠቃል። የቀድሞዎቹ ሙያተኞች ደግሞ ቅጥራን፣ የፈረስ ፋንድያና የላም ፀጉር አብረው አፍልተው በሳንቃው ላይ ይቀቡት ነበር። አሮጌ ጀልባዎችንና ቦዮችን ለማዳን የተጀመረው ጥረት መነሻም ከእነዚህ የእንጨት ጀልባዎች አንዷ ናት።

በ1939 ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ ክሬሲ የተባለች አሮጌ የእንጨት ጀልባ ይዞ ባንበሪ ከተማ ወዳለው የቱሊ መጠገኛ ሄደ። መጠገኛው በ1790 የተመሠረተ ሲሆን በዚያን ጊዜ ሽማግሌው ጆርጅ ቱሊ ከልጆቻቸው ጋር ይሠሩበት ነበር። ሮልት ጀልባዋን አስጠግኖና መኖሪያ አድርጎ ከአዲሷ ሚስቱ ከአንጀላ ጋር ጁላይ 27 ቀን ጉዞ ጀመረ። ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ ጦርነት ታወጀ። ያዩትን የጻፈበት መጽሐፍ በ1944 ታተመ። መጽሐፉ የእንግሊዝ ሰው ከጓሮው ያለውን የረሳውን ዓለም አሳየው። ሮበርት ኤክማን የተባለ ጸሐፊ አንብቦ ደብዳቤ ላከለት፤ በ1945 ክሬሲ ታስራ ወደነበረችበት ወደ ታርድቢግ ሄዶ አገኘው፤ በቀጣዩ ዓመት ቦዮቹን የሚታደግ ማኅበር ከሌሎች ጋር አቋቋሙ።

ሮልት ያደረገውን አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በበርሚንግሃም ደቡብ የስትራትፎርድ ቦይን የሚሻገር አንድ ድልድይ ተበላሽቶ ሲጠገን እንዳይከፈት ሆኖ ተሠራ። ቦዩ የባቡር ኩባንያ ንብረት ነበር። ሕጉ ግን ማንም ሰው በጀልባ የማለፍ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሮልት ማለፍ እፈልጋለሁ ሲል አስታወቀ። ሜይ 20 ቀን 1947 ክሬሲ መጣች፤ የኩባንያው ሠራተኞች ድልድዩን በክሪክ አነሱላት፤ ከሥሩ አለፈች። ሌሎችም ተከትለው መጡ። አንድ ቤተሰብ በአንዲት አሮጌ ጀልባ የመጓዙ ነገር መብትን ከወረቀት አውርዶ ውሃ ላይ አኖረው። ከ11 ዓመት በኋላ የዚያው ቦይ ደቡባዊ ክፍል እንዲዘጋ ሲጠየቅ ማንም አይጠቀምበትም የሚል ምክንያት ቀረበ። በታንኳ ያለፉ ሰዎች የከፈሉበትን ደረሰኝ አወጡ። ቦዩ ዳነ። በጎ ፈቃደኞች፣ ወታደሮችና እስረኞች ቆፍረው አጸዱት፤ ንግሥት እናቲቱ ጁላይ 11 ቀን 1964 መርቀው ከፈቱት።

ክሬሲ ራሷ አልተረፈችም። ሳንቃዋ ከሰው ጉልበት በላይ በሰበሰ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጣለች። ሮልትና አንጀላም ተለያዩ። የእንጨት ጀልባ በየዓመቱ እጅ ትፈልጋለች፤ ሁለት ሰው አይበቃትም።

ወደ ቤተሰቡ ጀልባ ስመለስ፣ ሞተሯ ሊስተር ነው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ መንግሥት በኋላ ዘመን ያስገባው። አባትየው የትምህርት ቤቱ ዕረፍት ሲመጣ ፈታው። ፒስተኖቹ ተጣብቀው ስለነበር ለሳምንታት ናፍጣ እያፈሰሰባቸው ጠበቀ። ይህ ሞተር በባትሪ ብቻ ሳይሆን በማኖቬላ ይነሳል። መጀመሪያ የቫልቭ ማላቀቂያው ሊቨር ይነሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ጭመቃ ስለሌለ ማኖቬላው ይዞራል፤ ከባዱ ጎማ ፍጥነት ሲይዝ ሊቨሩ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ይያዛል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ ማኖቬላው ከመለሰ በተቃራኒው የታጠፈ አውራ ጣት ይሰበራል። ልጁ ይህን ከአባቱ ሰምቶ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ያስተምራል። ለእኔም አስተምሮኛል፤ ሦስት ጊዜ ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

በመጨረሻዎቹ ወራት ሆዷ ሬንጅ ተቀባ፤ በየ2 እና 3 ዓመቱ እንደገና መቀባት አለበት። በጎኗ ከውሃው በታች የማግኒዥየም ቁራጮች ተበየዱ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ደካማው አስቀድሞ ይበላል፤ ማግኒዥየሙ እየተበላ ጀልባዋ ትቆያለች። የጋዙ፣ የነዳጁና የኤሌክትሪኩ ፍተሻ በየ4 ዓመቱ ይደረጋል። ከ2019 ወዲህ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መግጠም የግድ ነው፤ የከሰል ምድጃ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላልና።

የኋላዋን ክፍል እናትየዋ ለራሷ አስቀርታ ነበር። በአሮጌ ጀልባዎች በርና ባልዲ ላይ የሚሳሉት ጽጌረዳና ግንብ ቤት ከውጭ የሚመስሉት ነገር አይደሉም፤ አሠራራቸው ሥርዓት አለው። መሠረቱ ክብ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ የአበባው ቅጠል እያንዳንዱ በአንድ የብሩሽ እንቅስቃሴ ይሳላል፤ ተመልሶ ማረም የለም። ሥዕሎቹን በጭራሽ ትምህርት ቤት ያልሄዱ ጀልበኞችና የመጠገኛ ሠራተኞች ወርሰው አቆይተዋቸዋል። እናትየዋ በሌሊት ፈረቃ ዕረፍቷ በካርቶን ላይ ስትለማመድ ከረመች። በሩ ላይ ያለው አሁን የራሷ ነው፤ ሽማግሌው ሳይጠየቁ ጎንበስ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውሃ የሚለቀቅበት ቀን ማለዳ ጉም ነበር። በሩ ላይ ያለው መዝጊያ ትንሽ ሲከፈት ውሃው ከጀልባዋ ሥር ገባ። ልጁ ባትሪ ይዞ ሆዷ ውስጥ እየዞረ በየስፌቱ ያበራል። ውሃው ከፍ ሲል እንጨቶቹ ተንገጫገጩ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ተንሳፍፋለች። ከልጁ የመጣው ወሬ ከሞተሩ አክሰል መድፈኛ በጠብታ የሚገባ ውሃ አለ የሚል ሲሆን፣ አባትየው ያንን በግማሽ ዙር አጥብቆ አስተካከለው፤ ያች ቦታ ጥቂት ማንጠባጠቧ ልማዷ ነው። ልጅቷ መሪውን ያዘች። በቦይ ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲያልፉ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳሉ፤ ሰው በእግሩ ይቀድማቸዋል። የመጀመሪያው ሎክ ጋ እናትየዋ ዘላ ወረደች፤ በሩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ስትገፋ ልጁ ተከትሏት ሮጠ።

በአሁኑ ጊዜ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የውሃ መንገድ የሚያስተዳድረው በ2012 የተቋቋመው የቦይና የወንዝ አደራ ድርጅት ነው። መንግሥት ከ2027 ጀምሮ የሚሰጠውን ድጎማ በየዓመቱ እንደሚቀንስ በ2023 አስታውቋል። በእኔ አስተያየት ይህ ውሳኔ የተሳሳተ ነው። ግድቡ ቢፈስ፣ ሎኩ ቢሰበር፣ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት የለፋባት ጀልባ መሄጃ ታጣለች፤ ጀልባ ያልሄደበት ቦይ ደግሞ ይደርቃል ወይም ይደፈናል። ሮልት እንዳሳየው መብቱ የሚኖረው የሚያልፍ ሰው ሲኖር ነው።

በለንደን የምትኖሩ አንባቢያን በካምደን ወይም በኪንግስ ክሮስ በኩል ስታልፉ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የሚሄደው ውሃ በ1820 የተከፈተው የሪጀንት ቦይ ነው። በበርሚንግሃም መሐል፣ በሊድስም እንዲሁ አለ። የዳር መንገዱ ነፃ ነው፤ በድልድዮቹ ማዕዘን ላይ የተገጠመውን ብረት ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ የፈረሶቹ ገመድ የቆረጠውን ጥልቅ ጎድጎድ ታገኛላችሁ። በየዓመቱ በጁን መጨረሻ ብራውንስተን ላይ አሮጌዎቹ ጀልባዎች ይሰበሰባሉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀለም እጁ ላይ የደረቀበት ሰው ካያችሁ ሰላም በሉት፤ የኋላዋን ክፍል ያሳያችኋል።